ፊቱ ሲሚንቶ፣ ሆዱ ጭቃ

ስሜ ከድጃ ነው። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የተሰፋ ልብስ እየመረመርኩ የማድር ሴት ነኝ። ሥራዬ እንከን መፈለግ ነው። አንድ ስፌት ከዘለለ፣ አንድ ቁልፍ ከላላ፣ እኔ ጋ አያልፍም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። የምተርከውን ስትሰሙ «ምስኪን፣ አላወቀችም ነበር» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። አውቅ ነበር።

ባለቤቴ ሰይድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የጅቡቲን መንገድ ስለሚመላለስ አንዳንዴ ወር ሙሉ ቤት አይደርስም። ስለዚህ ቤታችንን ያሠራሁት እኔ ነኝ። ከሥራ ስወጣ በሚኒባስ ሽቅብ ወደ ደሴ እመጣና ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ግንበኞቹ መሃል እገባለሁ። የአሸዋውን፣ የድንጋዩን፣ የቆርቆሮውን ነገር ሁሉ እኔ ነበርኩ የምወስነው። ሰው «ወንድ አይበልጣትም» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። በቁጠባዬም እኮራ ነበር።

ቦታችን ከጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ነው። ደሴን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ሰፈር ያውቀዋል፤ የአንዱ ጣራ ከሌላው በረንዳ እኩል ነው። ከእኛ ግቢ በታች እማማ ዘሀራ የሚባሉ አሮጊት ከልጃቸው ከአሊ ጋር ይኖሩ ነበር። አሊ ኮምቦልቻ ብረታ ብረት ቤት የሚሠራ ብየዳ አዋቂ ነው። ቤታቸው የጭቃ ቤት ሲሆን፣ የእማማ ዘሀራ መኝታ ክፍል ከእኛ ግቢ አፋፍ ሥር ጥግ ላይ ነው። የእኛ መሬት ከእሳቸው ጣራ በላይ ነው። ስለዚህ ቤት ከማሰብ በፊት አፈሩን ይዞ የሚያቆም የድጋፍ ግንብ ያስፈልግ ነበር።

መጀመሪያ ያመጣሁት ግንበኛ ጋሽ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ግቢውን ዞረው አዩት፤ አፋፉ ላይ ቆመው ወደ ታች፣ ወደ እማማ ዘሀራ ጣራ፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ልጄ፣ እዚህ ቦታ ላይ ትልቁ ሥራ ቤቱ አይደለም፤ ይሄ ግንብ ነው» አሉኝ። «ከመሠረቱ እስከ አናቱ በሲሚንቶ ነው የሚታሰረው። ከኋላው ጠጠር ይሞላል። ክረምት የገባው ውሃ እንዲወጣ በየሜትሩ ቱቦ ይቀበርለታል። ውሃው መውጫ ካጣ ግንቡን ይገፋዋል።»

የሚያስፈልገውን ሲሚንቶ ሲነግሩኝ ራሴን አዞረኝ። ሲሚንቶ በዚያ ሰሞን ተወዶ ነበር፤ ተፈልጎም አይገኝ። እኔ ደግሞ ለሳሎኑ ሴራሚክ መርጬ ጨርሼ ነበር፤ ውሃ ሰማያዊ፣ መሃሉ ላይ አበባ ያለው። ያንን ሴራሚክ እያሰብኩ እንዲህ አልኳቸው፤

«ጋሽ ይመር፣ ውስጡን በጭቃ ይገንቡልኝና ከፊት መጋጠሚያውን ብቻ በሲሚንቶ ይሙሉልኝ። የቱቦውንና የጠጠሩን ነገር ይተውት። ስንቱ ሰው እንደዚህ አሠርቶ እየኖረ አይደል?»

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩኝ።

«ከሥር ሰው አለ እኮ።»

«አውቃለሁ። ግን ድንጋዩ ራሱ ከባድ ነው፤ የት ይሄዳል?»

«እንደዚያ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጊ» አሉና ውሃ ልካቸውን ወደ ከረጢታቸው ከተቱ። አልተቆጡም። እንዲያውም ሲወጡ «አላህ ያስጨርስሽ» ብለው መርቀውኝ ነው የሄዱት።

ሌላ ሰው ፈለግሁ፤ በማግስቱ ተገኘ። ያልኩትን ሁሉ «ችግር የለም እህቴ» የሚል ግንበኛ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ ግንቡ ቆመ። ፊቱ ግራጫ፣ መስመሩ የተስተካከለ፣ ለሚያየው ሰው የሚያምር ግንብ ሆነ። ሰይድ ከመንገድ ሲመለስ በእጁ መታ መታ አድርጎ «ማሻአላህ፣ በሲሚንቶ ነው የገነቡት?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ለባሌ የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸሁት ያን ጊዜ ነው። ሳሎኔ በሴራሚክ ተነጠፈ፤ ገባን። ሁለት ክረምት በሰላም አለፈ። እኔም ልክ እንደሆንኩ አመንኩ።

በሦስተኛው ክረምት ነሐሴ ላይ ዝናቡ ለአንድ ሳምንት ያህል ሳያባራ ዘነበ። ደሴ በጭጋግ ተሸፍና ከቤት ደጃፍ ያለው መንገድ አይታይም ነበር። ሐሙስ ዕለት ከሰዓት እማማ ዘሀራ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ላስቲክ ተከናንበው ዳገቱን ወጥተው መጡ። ለእሳቸው ጉልበት ያ ዳገት ቀላል አልነበረም። በረንዳው ላይ አስቀመጥኳቸው።

«ከድጄ፣ ግንብሽ ላብ እያላበው ነው» አሉኝ።

«እንዴት እማማ?»

«ከሥሩ ውሃ ይጥላል። ደግሞ መሃሉ ሆዱን የነፋ መሰለኝ። የኔ ዓይን ደክሟል እንጂ... አሊ እንዲያየው ብል ሲነጋ ወጥቶ ሲመሽ ነው የሚገባው። እስቲ ልጠይቃት ብዬ ነው የመጣሁ። ፈራሁ ልጄ። ዛሬ እህቴ ዘንድ ቦሩ ሜዳ ሄጄ ልደር ወይስ ምን ትይኛለሽ?»

እዚህ ላይ ቆም ልበልና የዚያን ደቂቃ ሐሳቤን ልንገራችሁ። ያሉትን አመንኳቸው። ግንቡ ሆዱን መንፋቱን እኔም ከሦስት ቀን በፊት ከላይ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ከአጥሩ ሥር አንድ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍቶ አፈር ጠቅጥቄበታለሁ። «ይሂዱ፣ እዚህ አይደሩ» ማለት ነበረብኝ። ግን «ይሂዱ» ካልኩ «ለምን?» ይመጣል። ለምን የሚለው ከመጣ ጭቃው ይወጣል። ሰይድ ይሰማል፤ ሰፈሩ ይሰማል። ዝናቡ ደግሞ ነገ ሊያባራ ይችላል። ይህ ሁሉ በራሴ ውስጥ ያለፈው አንድ ትንፋሽ በሚሳብበት ጊዜ ነው።

«ኧረ እማማ፣ አብሽሩ» አልኳቸው። «ከመሠረቱ ጀምሮ በሲሚንቶ የተሠራ ግንብ ነው። ምንም አይሆንም።»

«እንዲያ ነው?»

«ወላሂ።»

ፊታቸው ወዲያው ፈታ አለ። «እንዲያ በጌታሽ ከማልሽልኝማ አበቃ» ብለው ጉልበቴን መታ አደረጉ። «እኔም በዚህ ዝናብ መኪና መሳፈሩ ከብዶኝ ነበር።» እጃቸውን ይዤ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሸኘኋቸው።

ዓርብ የከሰዓት ተረኛ ስለነበርኩ ጠዋት ቤት ነበርኩ። ዝናቡ ቀነስ ብሎ ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ልብስ እያጠፍኩ ሳለ ከእግሬ ሥር መሬቱ የተንሸራተተ መሰለኝ። ከዚያ ድምፁ መጣ። ነጎድጓድ ነው ብዬ ነበር፤ ግን ከሰማይ ሳይሆን ከታች ነበር የመጣው። ሮጬ ስወጣ አጥሬ የለም። የግቢዬ ግማሽ የለም። ግንቡ ከመሃሉ ተቀዶ ድንጋዩም አፈሩም የእማማ ዘሀራ መኝታ ክፍል ላይ ተጋድሟል። የጣራቸው ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ተጣጥፎ አንዱ ጫፉ ብቻ ይታያል።

ስሮጥ ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ቀረ። ስደርስ ጎረቤት እየጮኸ መሰብሰብ ጀምሯል። አንድ ሰው «ማን አለ ውስጥ?» ይላል። ሌላው «አሮጊቷ ናቸው፣ አሊ ሥራ ነው» ይላል። አሊ ጋ ተደወለ። ከኮምቦልቻ እስኪመጣ ደግሞ ዳገቱ፣ ጭጋጉ፣ መንገዱ ላይ የወረደው ናዳ አለ። ዶማ፣ አካፋ፣ ድጅኖ ከየቤቱ ወጣ። ሰዉ ተሰልፎ ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ማቀበል ጀመረ። እኔ ከፊት፣ ከፍርስራሹ አጠገብ ሆንኩ። ማንም ሂጂ ሊለኝ አልደፈረም።

ድንጋዩ በጣም በቀላሉ ይነሳ ነበር። በሲሚንቶ የታሰረ ግንብ ሲወድቅ በብሎክ በብሎክ ነው የሚወድቀው፤ መዶሻ ይፈልጋል። የእኔ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ለብቻው፣ ጭቃውን ለብሶ፣ እንደ ድንች ከማሳ ይለቀም ነበር። ሲሚንቶው በአንድ ፊቱ ላይ እንደ ቅርፊት ተለጥፏል። እነዚያን ድንጋዮች እያነሳሁ ለሰው እጅ ሳቀብል የማንንም ዓይን እሸሽ ነበር።

ከተሰለፉት መሃል ጋሽ ይመር ነበሩ። መቼ እንደመጡ አላየሁም። አንዱን ድንጋይ ከእጄ ሲቀበሉ ገልበጥ አድርገው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። አንድ ቃል ይናገሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። ድንጋዩን ለሚቀጥለው ሰው አቀበሉና እጃቸውን ለሌላው ዘረጉ።

አራት ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ጎልማሳ «ዝም በሉ! ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ቆመ። ከሥር ድምፅ ተሰማ።

ከወደቀው የጣራ እንጨትና ከግድግዳው መሃል ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ነበር። በደረቴ ተኝቼ አፌን ወደዚያ አስጠጋሁ።

«እማማ! እማማ ዘሀራ!»

«ማነሽ?» ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«ከድጃ ነኝ።»

«ከድጄ... ደህና ነሽ?»

ጆሮዬን ወደ ክፍተቱ ይበልጥ አስጠጋሁ።

«ቤትሽስ? ቤትሽ አብሮ አልወረደም?»

«አልወረደም እማማ። ቤቱ ደህና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ሲተነፍሱ ብቻ ይሰማኛል። ትንፋሻቸው ይቆራረጥ ነበር። «እግሬን አላገኘውም። ደረቴ ላይ እንጨት አለ።»

«እየቆፈርን ነው። እናወጣዎታለን። አሊም እየመጣ ነው።»

«አትቸኩሉ። ሰው እንዳይጎዳ።» ቀጥለው የተናገሩትን እስክሞት ድረስ ከጆሮዬ የሚያወጣው የለም። «ምን ዓይነት ዝናብ ነው እባክሽ? ያን ሁሉ ሲሚንቶ የሚያሸንፍ?»

ከላዬ ሰዎች አሉ፤ ከሥሬ እሳቸው አሉ። መናገር የምችልበት የመጨረሻው ጊዜ ይህ እንደነበር አላወቅሁም። ባውቅስ እናገር ነበር? እጄን በክፍተቱ አስገባሁና ጣቶቻቸውን አገኘኋቸው። ቀዝቅዘዋል። ጨበጡኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ግን የወጣው «አብሽሩ እማማ» የሚለው ያው የትናንቱ ቃል ነበር።

ሸሃዳቸውን ሲሉ ሰማኋቸው። አንዴ አሉት፤ ደገሙት። ከዚያ እጃቸው እጄ ውስጥ እንዳለ መጨበጡን ተወ።

አሊ የደረሰው ከዚያ ወዲያ ነው። የሥራ ቱታውን እንደለበሰ፣ ከአናቱ እስከ እግሩ ርሶ፣ ማንንም ሳያይ ገብቶ ድንጋዩን በባዶ እጁ ይወረውር ጀመር። ሬሳቸው የወጣው ለጁምዓ አዛን ሲል ነው። ቅድም የጨበጠኝን እጃቸውን አሊ ሳመው። ሰውነታቸው ላይ ብዙ ቁስል አልነበረም። የሰጋጃቸው ጫፍ ከሥራቸው ተጎትቶ ወጣ።

ከአስር ሰላት በኋላ ተቀበሩ። ወንዶቹ ጀናዛውን ይዘው ሲሄዱ እኔ ከሴቶቹ ጋር ለቅሶ ቤት ቀረሁ። ሰው ሁሉ አጽናናኝ። «የአላህ ቀደር ነው፣ አንቺ ምን ታደርጊ? ግቢሽም ሄደ አይደል?» ይሉኛል። ዱበርቲዎቹ፣ የሰፈሩ የዱዓ እናቶች፣ ዱዓ ያደርጉልኛል። አንዷ እጄ ላይ ያለውን ቁስል አይታ በጨርቅ አሰረችልኝ። ከድንጋዩ በላይ የከበደኝ ይህ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ማጽናኛ ተቀበልኩ፤ ውሃም ቀዳሁ፣ ሳህንም አጠብኩ፣ አለቀስኩም። አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አሊ ፍርስራሹ አጠገብ ብቻውን ቆሞ አገኘሁት። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሄድኩ።

«አሊ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው።»

ዞር ብሎ አላየኝም። «ንገሪኝ።»

«ግንቡ በጭቃ ነው የተሠራው። ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሰይድ አያውቅም። ሐሙስ ዕለት እናትህ መጥተው ጠይቀውኝ ነበር። ቦሩ ሜዳ ሄደው ሊያድሩ ፈልገው ነበር። ሲሚንቶ ነው ብዬ... ማልኩላቸው።»

ጎንበስ ብሎ አንድ ድንጋይ አነሳና ጭቃውን በአውራ ጣቱ ፈገፈገው።

«ጭቃውንማ ዓርብ ዕለት አይቻለሁ» አለ። «ሁሉም ሰው አይቷል። መሐላውን ግን አላውቅም ነበር።»

«አሊ...»

«ሦስት ቀን ጠበቅሁሽ። ድንኳኔ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ስታለቅሺ፣ አሁን ትነግረኛለች፣ አሁን ትነግረኛለች እያልኩ ጠበቅሁሽ።»

«አውፍ በለኝ» አልኩት። ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

ድንጋዩን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። «የኔን ሀቅ አውፍ ብያለሁ። ስለ አላህ ብዬ። የእሷ ግን የኔ አይደለም፤ ይዛው ሄዳለች። እዚያ ጠይቂያት።»

ጥሎኝ ሄደ። ያን ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። ጉዳዩ በሕግም በሽማግሌም ታይቷል፤ የተባልኩትን ሁሉ ፈጽሜያለሁ። ሰይድ ከመንገድ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። አልጮኸብኝም። «እኔን ለምን ዋሸሽኝ?» ብቻ ነው ያለኝ። እስከ ዛሬ አብረን ነን፤ ግን አንድ ነገር ነግሬው ሲያበቃ ቀና ብሎ ዓይኔን የሚያይበት አዲስ ልማድ አለው። አልቀየምበትም።

ጋሽ ይመርን ቤታቸው ሄጄ ለመንኳቸው። ግንቡን እንደገና ሠሩት፤ ከመሠረቱ እስከ አናቱ በሲሚንቶ፣ ከኋላው ጠጠር፣ ቱቦው በየሜትሩ። ለሴራሚኩ ያወጣሁትን ያህል ጨምሮ ያኔ የቆጠብኩት ሁሉ፣ ከዚያም በላይ እዚያ ውስጥ ገባ። በሥራው መሃል አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ «ያኔ ለምን ጥለውኝ ሄዱ? ለምን ለእማማ ዘሀራ አልነገሯቸውም?» አልኳቸው። ጥፋቴን የሚካፈለኝ ሰው ፍለጋ ይመስለኛል። ሽማግሌው የግንበኛ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እኔም ሌት ተቀን ራሴን የምጠይቀው እሱን ነው» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ያን በመጠየቄ አፈርኩ።

አሊ ደሴን ለቆ ኮምቦልቻ ተከራይቷል። ቤቱን ላሠራልህ ብዬ ሽማግሌ ብልክበት «ማን ይገባበታል?» ብሎ መለሳቸው። ቦታው ባዶ ነው፤ ሣር በቅሎበታል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ወይም ልትጀምሩ የምታስቡ፣ ኑሮ ውድ መሆኑን ለእኔ አትነግሩኝም። ቆጥቡ። በሩን ከእንጨት አድርጉት፣ ሊሾውን ያለ ሴራሚክ ተዉት፣ ሁለተኛውን ክፍል ለከርሞ አቆዩት። የቤት ዕቃ ሳይኖራችሁ ግቡ፤ ማንም አልሞተም በዚህ። መሬት ውስጥ ከሚቀበረውና ግንብ ውስጥ ከሚደበቀው ግን አትቀንሱ። እኔ የቀነስኩት የማይታየውን መርጬ ነው፤ ማንም አያየውም ብዬ። ከቀነሳችሁም፣ ተሳስታችሁም ከሆነ፣ የሚጠይቃችሁ ሰው ሲመጣ እውነቱን ንገሩት። ግንቡ ሰው የገደለው ዓርብ ነው። እኔ ግን ሐሙስ ዕለት አንድ ቃል ብናገር፣ የሚወድቀው ባዶ ክፍል ላይ ነበር። በጭቃው ሳይሆን በዚያ ቃል ነው እንቅልፍ የማጣው።

በቅርቡ ፋብሪካው ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ሰዓዳ የምትባል ልጅ ቤት ልትሠራ ነው። «ከድጃ፣ አንቺ አዋቂ ነሽ፤ ከምን ከምን ልቀንስ?» ብላ ጠየቀችኝ። እሑድ ዕለት ወደ ደሴ ይዣት ወጣሁ። ሣር ከበቀለበት ባዶ ቦታ አጠገብ አቆምኳትና የነገርኳችሁን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ስጨርስ እያለቀሰች ነበር።

«እማማ ዘሀራ ዕድሜያቸው ስንት ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። ሁለት ዓመት ተኩል ከላያቸው ኖሬያለሁ። ጠይቄያቸው አላውቅም።